ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች

በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ መጨረሻ ዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይመለከት ነበር ይባላል። ሐሰት ነው። አንድ ዓይነት ሥዕል ተመልክቶ ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን ከአገር አገር፣ ከመስኮት መስኮት ይለያይ ነበር። ስለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን የተጻፉ መጻሕፍትን ብዙ አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹ ዓለም እንዴት አንድ መንደር እንደሆነች በደስታ ይተርካሉ። እንዲህ የሚጽፉት መንደር ውስጥ ኖረው የማያውቁ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። መንደር የኖረ ሰው፣ አንዱን ነገር ሁሉም አብሮ አይቶ ሁሉም የየራሱን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ያውቃል።

እናቴ እዚህ ኖርዌይ፣ ኦከርን አካባቢ ባለ ሲከየም ትኖራለች። ሲከየም ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ብቻቸውን መኖር ያልቻሉ አረጋውያንን የሚያኖርበት ቤት ነው። ሐበሻው ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠራዋል። እናቱን እዚያ ያስገባ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ። «እናትህ ደኅና ናቸው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ፍርዱም አብሮ ይመጣል። ደኅና ናት እላለሁ። ከመስኮቷ የሚታየው የግንባታ ክሬን ነው፤ ሰዎቹ አንዱን ሕንፃ ሠርተው ሳይጨርሱ ሌላውን ያፈርሳሉ። «ምን ጠፍቷቸው ነው እንዲህ የሚቆፍሩት?» ትለኛለች።

ድርሰት የምጽፈው ሌላ ሥራ ስላለኝ ነው። ሥራዬ ቶልክነት ነው፣ አስተርጓሚነት። በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት፣ በመሐል ከተማው ቢሮዎች ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጬ የአንዱን ቃል ለሌላው አሳልፋለሁ። የሙያው ሕግ አጭር ነው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አስተያየት አትስጥ። ሐኪሙ ክፉ ነገር ሲናገር እኔም ክፉውን ነገር እናገራለሁ። አንዲት ሴትዮ በአንድ ወቅት፣ «አንተ ልጅ፣ ትንሽ ስኳር ብታደርግበት ምን ነበረበት?» ብላኛለች። ያንንም ለሐኪሙ ተረጎምኩለት። ይህ ሕግ ከብዙ ዓመት በኋላ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ችግሩ የጀመረውም ከዚያ ነው።

በሲከየሙ በሳምንት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የትዝታ ሰዓት አለ። አንዲት ደግ ሠራተኛ አረጋውያኑን በአዳራሹ ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ትደረድርና የወጣትነታቸውን ዘመን ፕሮግራሞች ታሳያቸዋለች። የድሮ ሥዕል የተኛ ትውስታን ይቀሰቅሳል ይላሉ። እናቴን የሚቀሰቅሳት አልነበረም። የኖርዌይ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር፣ የማታውቀው ዘፋኝ፣ የማታውቀው ንጉሥ። ወንበሯ ላይ ታንቀላፋለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አነባለሁ።

አንድ ቀን ጥቁርና ነጭ የሆነ የእንግሊዝኛ ተከታታይ ፊልም ተከፈተ። ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ፣ ብቻውን የቆመ ቤት፣ ወደ ቤቱ የሚሄዱ ረጃጅም ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሦስት ሰዎች። እናቴ ዓይኗን ገለጠች። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

«መጡ» አለች።

«እነማን?»

«ሽማግሌዎቹ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ይህን ታሪክ በቤታችን በቀልድነት ስሰማው ነው ያደግኩት። ፊልሙ መኖሩን ግን ተጠራጥሬ ነበር።

እናቴ ልጃገረድ ሳለች አዲስ አበባ በሚኖሩበት ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ግቢ ብቻ ነው። ባለቤቱ ደግ ሰው ስለነበር ሣጥኑን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አስቀመጠው፤ ማታ ማታ መስኮቱ ይከፈትና ሰፈርተኛው ደጅ ቆሞ ያያል። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ የተከበረ ሰው ስለነበር ከቤቱ በርጩማ አስይዞ መጥቶ ከፊት ይቀመጣል። የሚታየው ሁሉ የውጭ አገር ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አስተርጓሚ ነበራቸው። ከግቢው ተከራዮች አንዱ የሆነ፣ ቀድሞ ፈረንጅ ቤት ዘበኛ የነበረ ጎልማሳ። በመስኮቱና በሕዝቡ መካከል ይቆማል፤ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊቱን ለተመልካቹ ሰጥቶ። አንዳንዴ ዞር ብሎ አየት ያደርግና ይቀጥላል። ፈረንጁ ረጅም ንግግር ሲያደርግ አስተርጓሚው «እምቢ አለ» ብሎ ይጨርሳል። ፈረንጁ አንድ ቃል ሲተነፍስ ደግሞ አስተርጓሚው «አጥንታችሁን ሳላውቅ፣ ሰባት ቤት ሳልቆጥር፣ ልጄን ለማን ነው የምሰጠው? ይላል» ብሎ ነገሩን ያስረዝመዋል።

በዚያ ዓመት ሰፈሩን ሁሉ የያዘው ይህ የባሕር ዳርቻው ፊልም ነበር። አባትና ልጅ ብቻቸውን በድንጋይ ቤት ይኖራሉ። በየሳምንቱ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ፣ በሩን ያንኳኳሉ፣ አባትየው ከደጃፉ ላይ አነጋግሮ ይመልሳቸዋል። አስተርጓሚው ሥዕሉን ገና ሲያይ ነገሩን ወሰነ፤ ልጅቷን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ደግሞ ሁሉ ነገር ይገጥም ነበር። ሰዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ተራምደው የሚመጡት በሥርዓት፣ ትልቁ ከፊት ሆኖ ነው። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አንዴ ሁለቴ ቢመለሱ እንኳ አይቆጡም፤ በሳምንቱ እንደገና ይመጣሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይቀመጡም።

«አያችሁ አይደል፣» ይል ነበር አስተርጓሚው፣ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ነው የሚሉት።»

ሕዝቡ ፈረንጅም ለካ ወግ ያውቃል እያለ ይደነቅ ነበር ይባላል። አያቴ በርጩማው ላይ ሆኖ፣ አባትየው ሽማግሌዎቹን በመለሰ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። «ይህስ ወንድ ነው» ይላል።

የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ግን ማንም አላየም። የባለ ቴሌቪዥኑ እናት ሞቱ። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ ሣጥኑ ላይ ጨርቅ ተጣለበት፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ደጁ ላይ ድንኳን ተተከለ። አርባቸው ወጥቶ ጨርቁ ሲነሣ ሦስቱ ሰዎች የሉም። በቦታቸው ፈረስ ላይ ሆነው የሚተኳኮሱ ሰዎች መጥተዋል። የተሰበሰበው ሰው አስተርጓሚውን ከበበና አባትየው ልጁን ሰጠ ወይስ አልሰጠም ብሎ ጠየቀው። ያ ጀርባውን ሰጥቶ ሲተረጉም የኖረ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«ያላየሁትን አልተረጉምም» አለ።

በቤታችን ይህ አባባል ተረት ሆኖ ቀርቷል። አባቴ በሕይወት ሳለ፣ የማያውቀውን ነገር ስንጠይቀው እየሳቀ ይጠቅሰው ነበር። እናቴ አብራው ስትስቅ አይቼ አላውቅም፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

እንግዲህ ወደ ሲከየሙ አዳራሽ እንመለስ። ከእናቴ ቀጥሎ የምትቀመጠው የጎረቤት ክፍል አሮጊት ናት፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች የኖርዌይ ከተማ ያደገች፣ አፏ የማይቦዝን ኖርዌጂያዊት። ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጥ ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ተነጋግረው ግን አያውቁም። አሮጊቷ ፊልሙን ስታይ በደስታ ጮክ ብላ ተናገረች። ይህን ልጅ ሆና ከነቤተሰቧ አይታዋለች፤ ያኔ የነበረው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር፣ አገሩ ሁሉ ያየው ነበር።

«ምን ትላለች?» አለች እናቴ።

ቶልክ ነኝና ተረጎምኩ። «የጉምሩክ ሰዎች ናቸው ትላለች። ሰውየው በጀልባ በድብቅ መጠጥ ያስገባል፣ ሊይዙት ነው የሚመላለሱት።»

እናቴ አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ምስኪን። የነገራትም የለ» አለች። «ሽማግሌዎች ናቸው በላት። ልጅቷን ሊጠይቁ ነው።»

አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አሮጊቷ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞራ ሦስቱን ሰዎች ደግማ ተመለከተቻቸው። «ይኼኛው ይሻል ነበር» አለች። ቀጥላም፣ «ለማን ነው የሚጠይቋት?»

ይህንንም ተረጎምኩ። እናቴ ሻሿን አስተካከለች።

ሠራተኛዋ እናቴ መንቃቷን ስላየች በየሳምንቱ የሚቀጥለውን ክፍል ልታሳይ ቃል ገባች፣ አደረገችም። እናቴ በእነዚያ ሳምንታት ሌላ ሰው ሆነች። ቀኑን ትጠይቃለች፣ የሐበሻ ቀሚሷን ታስወጣለች፣ ከሁሉ ቀድማ ከፊት ትቀመጣለች። ነርሷ ምን እንዳደረግንላት ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ሞኝ ተደሰትኩ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የተቋረጠ ነገር ሊያልቅላት ነው ብዬ አሰብኩ።

የመጨረሻው ክፍል ደረሰ። ሦስቱ ሰዎች አንኳኩ። አባትየው በሩን ከፈተ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለል አድርጎ። ሁለት እጁን ዘረጋላቸው። አሰሩት። በጀልባ ይዘውት ሄዱ፤ ልጅቷ ድንጋይ ላይ ቆማ ቀረች፤ ሙዚቃው መጣ፣ አለቀ።

እኔ እያንዳንዱን ቃል በጆሮዋ ስተረጉምላት ነበር።

«ሰጠ?» አለች።

«ወሰዱት እኮ፣ እማ። ታሰረ።»

«እሱንማ አየሁ። ልጅቷን ሰጠ ወይ?»

«ስለ ልጅቷ ምንም አልተባለም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ይሄ እሱ አይደለም» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እየባሰባት ሄደ። ጠዋት ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ካለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ምሳ ሲደርስ አልነሣም ትላለች። ገና አላለቀም፣ የፊልሙ ክፍል ይቀራል ባይ ናት። በሄድኩ ቁጥር ሰላምታዋ አንድ ሆነ፤ «ምን አለ ሰውየው?» ምግብ እየቀነሰ የሚሄድ ሰው እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ከእጇ ላይ አምባሯ ይወልቅ ጀመር። ነርሷ አስጠርታ እናቴ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቀችኝ። ስለ ሽምግልና፣ ስለ አለመቀመጥ፣ ስለ ሐዘን ቤትና ስለ ጨርቁ፣ ያለኝን ኖርሽክ፣ የአገሩን ቋንቋ፣ ሁሉ አውጥቼ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። «ግራ ተጋብታለች ማለት ነው» አለች። ሐሳቤን ሁሉ በሁለት ቃል ተረጎመችልኝ። መቀነስ የሚፈቀድለት ሰው እንዴት ይቀልለዋል።

መጨረሻውን ፍለጋ አልሄድኩም፤ ሌላ መጨረሻ እንደሌለ አውቃለሁ። ስለዚህ ሕጌን ጣስኩ። አንድ ቀን ገና ሳትጠይቀኝ፣ «እማ፣ ሰጠ» አልኳት።

ፊቷ በራ። «ምን ብሎ?»

«እሺ ብሎ።»

ብርሃኑ እዚያው ጠፋ። «እሺ ብሎ ልጁን የሚሰጥ አባት የት አለ?» አለች። «ቃሉን ንገረኝ። ምን ብሎ ጀመረ? ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ? ማን መረቀ?»

አራት ቋንቋ አነባለሁ፤ በሁለቱ እንጀራ እበላለሁ። አንድ አባት ልጁን ሲሰጥ የሚላትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከራሴ ማውጣት አልቻልኩም። በሌላ ቀን ደግሞ ቁርጡ ይሻላል ብዬ «አልሰጠም» አልኳት። አልተከራከረችኝም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ አሮጊቷ እጇን ይዛት ዋለች፣ እኔንም በክፉ ዓይን ታየኝ ነበር። በሳምንቱ ሁለቱም መልሶቼ ከእናቴ ራስ ጠፍተው ጥያቄው ብቻ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ። ያን ቀን አእምሮዋ ጥርት ብሎ ነበር፤ ቆሎ ይዤላት ሄጄ ጥቂት ቀማመሰች። ተስፋ ቆርጬ ስለነበር በቀልድ ጀመርኩ። የዚያን አስተርጓሚ ያህል መሆን እንዳቃተኝ ነገርኳትና፣ «ለመሆኑ ቋንቋውን ያውቅ ነበር?» አልኳት።

ሳቀች። «ምን ያውቃል? ጀርባውን ሰጥቶ አልነበር የሚተረጉመው? ግቢው ሁሉ ያውቅበት ነበር።»

«ታዲያ ምን እንሁን ብላችሁ ትሰሙት ነበር?»

«እሱ ለእኛ መቼ ተረጎመ?» አለች። «ለአባቴ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኮ ነው።»

«ከየትኞቹ?»

«ከእኔዎቹ።»

የቀረውን ክሬኑን እያየች ነገረችኝ። በዚያው ዓመት ለእሷም ሽማግሌ ተልኮ ነበር። የላካቸው በሰፈሩ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወጣት ነው። ስሙን አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኳትም። ከሦስቱ ሽማግሌዎች በዕድሜ የሚያንሰው ያ ዘበኛ የነበረው ሰው ነበር። አያቴ በመጀመሪያው ቀን ከዘመድ ልማከር ብሎ መለሳቸው፣ በሁለተኛው ከጾሙ በኋላ ኑ አላቸው። እንደ ወጉ ነው፤ በአንድ ቀን አይሰጥም። እንግዲህ በቀን አያቴ ደጃፍ የቆመው ሰው ማታ በመስኮቱ ደጃፍ ይቆምና፣ አያቴ የተናገረውን ቃል በፈረንጁ አፍ፣ የራሱን ልመና በካፖርታሞቹ አፍ አድርጎ ይመልስለታል። ሕዝቡ ይህን ሁሉ አውቆ ይስቃል። አያቴም አውቆ ይሰማል። አንድ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ አያቴ በርጩማውን ለእናቴ እያቀበላት፣ «እስቲ ይህ ፈረንጅ ምን እንደሚል እንሰማለን» አላት። ቀልድ ይሁን ቃል ኪዳን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ከዚያ ሐዘኑ መጣ። ድንኳን በተተከለበት ሰፈር ስለ ሠርግ አይወራም። አርባው ሲወጣ መምህሩ ወደ ሩቅ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሯል። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ አልመጡም፣ አያቴም የሚሰጠውን መልስ ይዞ ቀረ። ኋላ ላይ የአባቴ ሽማግሌዎች መጡ።

«በመጀመሪያው ቀን ሰጠኝ» አለች። «ከዘመድ እንኳ አልተማከረ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ነገር የምተረጉምበት ቋንቋ የለኝም።

ወደ ቤት ስመለስ በባቡሩ ውስጥ ያ «ያላየሁትን አልተረጉምም» የሚለው ቀልድ አብሮኝ ተቀመጠ። ሰውየው እንደ ልማዱ መጨረሻ ፈጥሮ መናገር ሲችል ያልተናገረው በምክንያት ነው። መጨረሻው በእጁ አልነበረም፤ በርጩማ ላይ በተቀመጠው ሰው እጅ ነበር። እኔ ደግሞ ያ መጨረሻ ሳይታይ በመቅረቱ የተወለድኩ ሰው ነኝ። ሣጥኑ ላይ ጨርቅ ባይጣል ኖሮ ይህን የሚጽፍ አይኖርም ነበር፤ ምናልባት ሌላ ልጅ ሌላ ከተማ ውስጥ ከእናቴ ጋር ቆሎ ይበላል። እናቴ ይህን ታውቃለች። እኔን እያየች ነው የምትጠይቀኝ።

ትናንትም ሄጄ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ናት፣ ጠፍቶ ያለው ቴሌቪዥን ፊት። አሮጊቷ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ እሷም አሁን ትጠብቃለች። የጉምሩኩን ነገር ትታዋለች። ስገባ ሁለቱም ዞር አሉ። እናቴ በአማርኛ፣ አሮጊቷ በኖርሽክ፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። የሚተረጎም አልነበረም። የእናቴ ሾርባ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

አያቴ ከሞተ ቆየ። አስተርጓሚውም በሕይወት የሚኖር አይመስለኝም። በዚያ መስኮት ሥር ከቆሙት፣ ወይም ከእነሱ ከተወለዱት አንዳቸው ግን ይህን ጽሑፍ ያነቡ ይሆናል። የእርስዎ አባት ከአያቴ ጋር ጠጅ ጠጥቶ ይሆናል፤ አያቴ ለሦስተኛው ቀን ያዘጋጀውን መልስ በጆሮው ሹክ ብሎት ይሆናል። ከሆነ ቃሉን ከነአጀማመሩ፣ ከነምርቃቱ እፈልገዋለሁ። አይዞህ አይበሉኝ፣ ጸልይላትም አይበሉኝ፣ እናትህን ወደ ቤትህ ውሰዳት የሚለውንም ሰምቼዋለሁ። ሰጥቷት ነበር ወይስ አልሰጣትም? ቁርጡን ንገሩኝ።